ቤዛን ወደ በረዶ ተራራ ያደረሰው ዕቅዴ

በረዶ በጣለ ማግስት የሕንፃችን ጠባቂ አካፋውን ይዞ ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ሲጠርግ፣ ብረቱ ከድንጋዩ ጋር ሲፋጭ የሚያሰማው ድምፅ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ዓይኔን ሳልገልጥም ያ የልጅ ልጄ የቤዛ ዓመት፣ ቤታችን ውስጥ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ስለ ስኪ፣ ሳንቃ እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት፣ ብቻ የተወራበት ዓመት ትዝ ይለኛል። ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን እኔ ማን እንደሆንኩ መናገር አለብኝ፤ ሥራውን በትክክል የሚመዝን ሠሪውን ያወቀ ሰው ነውና።

ተካልኝ እባላለሁ፤ ፍራንክፈርት ያለ አበሻ ጋሽ ተካልኝ ሲል ያውቀኛል። ከቄስ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ጀርመንኛን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሻንጣ ስደረድር ኖሬ፣ መንገደኛ ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ ሰብስቤ፣ በእረፍት ሰዓቴ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ራሴን አስተማርኩ። ካርታ ማንበብንም፣ ሰዓት ፈትቶ መግጠምንም የያዝኩት እንዲሁ ነው። ጡረታ ስወጣ የፈረቃው አለቃ ነበርኩ። ለቤተ ክርስቲያናችን በዓል አዳራሽ የምከራየው፣ አዲስ የመጣ ሰው መሥሪያ ቤት ቀጠሮ፣ ቴርሚን የሚሉት፣ ሲኖረው አብሬው ገብቼ የማስረዳው እኔ ነበርኩ፤ ነገር የጠነከረበት ሁሉ «ጋሽ ተካልኝ ይጠየቁ» ይል ነበር። ይህን የማነሳው ለመመካት አይደለም፤ የሚያስመካ መሆኑን ግን አልክድም።

በዚያን ጊዜ ዞሰንሃይም በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጄ ከሰናይት፣ ከባሏ ከታደሰና ከአንድ ልጃቸው ከቤዛ ጋር እኖር ነበር። ሰናይትና ታደሰ ፈረቃቸው ስለማይገጥም ቤዛን ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሲፈላ የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ይሸፈን ነበርና፣ እሷን ወንበር ላይ አቁሜ በጣቷ ሀ ሁ እንድትጽፍበት አደርግ ነበር፤ በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ እየመለሰች፣ ፊደሉ ወደ ታች ሲፈስ እየሳቀች፣ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት አጠናቀቀችው።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት መጸው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት፣ ከትምህርት ቤት መጥታ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክፍሏ በሙሉ በጥር ሃልብሩክ ወደምትባል ጥንታዊት የተራራ ከተማ ሄዶ አንድ ሳምንት ስኪ ሊማር ነው። ሰናይት አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ልጄ ከቤት ውጭ አታድርም» አለች።

ይህ በቤታችን ሕግ ነበር። የጀርመን ልጆች ፍራሽና ትራሳቸውን ተሸክመው ከጓደኛ ቤት ጓደኛ ቤት ሲያድሩ፣ የእኛዋ ልደት ተጠርታ ኬኳን በልታ፣ ሌሎቹ የመኝታ ከረጢታቸውን መዘርጋት ሲጀምሩ ጫማዋን ታደርግ ነበር። ደወሉን ደውዬ የምወስዳት እኔ ነበርኩ፤ በከተማው ባቡር፣ በኤስ-ባን፣ ስንመለስ መስኮት መስኮቱን እያየች አታናግረኝም ነበር። አሁን ደግሞ ያልሄደ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ከታናናሾቹ ክፍል ተቀምጦ እንዲማር ተወስኗል። ቤዛ ወረቀቱን መልሳ ገለበጠችው።

«ማማ፣ አለ ፋረን ሚት!» ብላ ጮኸች፤ ሁሉም ይሄዳል ማለቷ ነው።

«ሁሉም እሳት ውስጥ ቢገባ ትገቢያለሽ?»

«እኔ በእሷ ዕድሜ» አልኩ፣ «እህል በጫነ መኪና ላይ ተፈናጥጬ ብቻዬን ደሴ አጎቴ ዘንድ ሄጃለሁ።»

«እርስዎ ወንድ ነዎት አባባ። ደግሞ አጎትዎ ሥጋዎ ነው፤ እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ያችን የመጨረሻ ቃሏን ይዤ ክፍሌ ገባሁና ሳስብ አመሸሁ። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል? እኛ እኮ ሰውን እንዴት እንደምናውቅ እናውቃለን። ሴት ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ ሄዶ የቤተሰቡን ዘር፣ ጠባይና ኑሮ አጣርቶ ይመጣል፤ ለባል ስንሰጥ የምናጣራውን ለስኪ ስንሰጥ የማናጣራበት ምን ምክንያት አለ? በዚያው ዕለት ዕቅዴን ጀመርኩ።

ቅጠሉ ሲረግፍ ሰንብቶ ዛፎቹ ራቁታቸውን እስኪቀሩ ድረስ ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። ሃልብሩክ በጨው የከበረች ከተማ መሆኗን፣ ጨዉ ከተራራው ሆድ ተቆፍሮ በወንዝ ይወርድ እንደነበር፣ ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ሁለት ጊዜ በድንጋይ እንደተሠራች አነበብኩ። ስኪ የሚባለውንም ከነአወዳደቁ አጠናሁት። ወላጆች በተሰበሰቡበት ምሽት ሰናይት ሥራ ላይ ነበረችና እኔ ሄጄ፣ አስተማሪዋን ስለ መኝታው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ አውቶቡሱ ሾፌር ዕድሜ ጭምር ጠየቅኋት።

«ይህን ያህል የጠየቀኝ ወላጅ የለም» አለችኝ እየሳቀች።

«አያት ነኝ» አልኳት።

ከዚያም የገና ጾም ሊገባ ሲል፣ ለማንም ሳልናገር ስንቄን ቋጥሬ ከዋናው ጣቢያ፣ ከሃውፕትባንሆፍ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣ ሙኒክ ላይ ቀይሬ፣ ቀሪውን በአውቶቡስ ወጥቼ ሃልብሩክ ገባሁ። ግድግዳቸው ላይ ቅዱሳን የተሳሉባቸው ቤቶች፣ አህያ በጭነት የማያልፍበት ጠባብ መንገድ፣ አናቱ እንደ ሽንኩርት የሆነ ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ልጆቹ የሚያርፉበት ቤት የድሮ የጨው መጋዘን ነበር፤ ባለቤቲቱ ክንዷ የወፈረ፣ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም የማታንስ ባልቴት ናት። ቤቱ የማን እንደነበረ፣ ከስንት ትውልድ ጀምሮ እንደያዙት፣ ሴቶቹ በየትኛው ፎቅ ወንዶቹ በየትኛው እንደሚተኙ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ሌሊት ልጅ ቢያመው ማን እንደሚነሣ ተራ በተራ ጠየቅኋት።

በመጨረሻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ቤቱን ሊገዙት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፤ ልጅ ልሰጣችሁ ነው» አልኳት።

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አስጎብኝታኝ፣ ሻይ አቅርባልኝ፣ እኔም አገሬ ውስጥ አሞሌ ጨው ራሱ ገንዘብ እንደነበረ ስነግራት አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ስመለስ ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ፣ ፊት ለፊት ካለው ትንሽ የእንግዳ ቤት ለራሴ ክፍል ይዤ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም አስቀምጬ ያየሁትን ዘረዘርኩ። ሰናይት አፋጠጠችኝ፤ መልስ ያላገኘችለት ጥያቄ አልነበረም። ታደሰ «እኔ አባባ ካሉ ይሁን ባይ ነኝ» ብሎ እግሩን ዘረጋ። በመጨረሻ እሷም ቀስ ብላ፣ «እርስዎ እዚያ ካሉ እሺ» አለች፤ «ቀን ከልጆቹ ጋር ትዋል፣ ማታ ግን መጥታ እርስዎ ዘንድ ትደር።»

ቤዛ ደስ ይላታል ብዬ ዞር ስል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከአያቷ ጋር የምታድር? በሁሉም ፊት? እንደዚህ ከሆነ እቀራለሁ!»

ሁለቱም ክፍላቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። በጀርመን አገር ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ የእናትና ልጅ ግን ይብሳል። ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየተመላለስኩ፣ አንድ ሙሉ ሳምንት ቃል ሳቀብልና ቃል ስቀበል ሰነበትኩ። እናቲቱ፣ ማታ ማታ ልጄን በዓይንዎ አይተው ይደውሉልኝ አለች። ልጅቷ ደግሞ የራሷን አመጣች፦

«ስኪው ቦታ አይመጡም። ያንን ትልቁን የጠጉር ባርኔጣ አያደርጉም። መንገድ ላይ ቤዝዬ ብለው አይጠሩኝም!»

«ምን ብዬ ልጥራሽ?»

«አይጥሩኝም!»

ተስማማን፤ ከክፍሏ ልጆች ጋር ታድራለች፣ ማታ ከራት በኋላ መስኮት ላይ ቆማ እጇን ታነሣልኛለች፣ እኔም ከመንገዱ ማዶ አይቻት እናቷ ዘንድ እደውላለሁ።

ብርዱ ሲጠነክር ዝግጅቱም ጠነከረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞርን ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጓንት ፈለግን። ማታ ማታ ኮሪደሩ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን፣ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጃችን ይዘን ስንወዛወዝ፣ ታደሰ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አባባ፣ ጉልበትዎን አደራ!»

«የእኔ ጉልበት ከአንተ ይሻላል፤ እለፍ!» አልኩት፤ ደግሞም እውነት ነበር። በረዶ ረግጬ ተንሸራትቼ ባላውቅም፣ አወዳደቅን ከመጽሐፍ አስተማርኳት፤ ወደ ጎን፣ እጅን ሰብስቦ፣ ሳይፈሩ።

በጥር፣ ጥምቀት ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሷ በአውቶቡስ፣ እኔ በባቡር ሄድን። በመጀመሪያው ማታ መስኮቱ ላይ ብቅ ብላ፣ ግራና ቀኝ አይታ፣ እጇን እስከ ደረቷ ብቻ አነሣችልኝ። በሁለተኛው ከፍ አድርጋ አነሣችው፣ እየሳቀችም ነበር። በሦስተኛው ማታ ግን እጅ የሚያነሣ አልነበረም። መብራቱ በርቷል፤ ልጆቹ ትራስ ይወራወራሉ፤ ቤዛ አልጋ ላይ ቆማ ትራሷን ከራሷ በላይ ይዛ ስትዘል በመስኮቱ ትታየኛለች። በረዶው ትከሻዬ ላይ እየተከመረ ቆየሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መንገዱ አላየችም።

ሌላ ሰው ይከፋው ይሆናል። እኔ ግን ያን ጊዜ ሥራዬ መጠናቀቁን አወቅሁ፤ ልጅ የሚጠብቃትን ሰው የምትረሳው ሲመቻት ነው። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቲቱን አደራ ብዬ፣ ለአስተማሪዋም ነግሬ፣ ሁለት ሌሊት ሲቀር ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

ሰናይት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ከኋላዬ ነው ያየችው።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት። ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ትመጣለች።»

«ጥለዋት መጡ?»

«አልጣልኳትም። ትናንት ማታ እኔን ማየት ረሳች፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«አባባ! አምኜዎት እኮ ነው!» አለችና ካፖርቷን ከመስቀያው ላይ መነጨቀችው። ሌሊቱን ነድታ ልትሄድ ነበር። ታደሰ በሩ ላይ ቆመ። እኔ አልተቆጣሁም፤ የባልቴቲቱን ስልክ ቁጥር ሰጠኋት። ቆማ፣ ካፖርቷን አንድ እጇን ብቻ አግብታ ደወለች። ባልቴቲቱ አነሣች፣ ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ የቤዛ ድምፅ እያለከለከ መጣ፤ ከስልኩ ራቅ ብዬ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

«ማማ፣ ምን ሆንሽ? ራት እየበላን ነው። ነገ ከትልቁ ተራራ እንወርዳለን! ቹስ!» ብላ ተሰናበተች።

ሰናይት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው።

«ዘጋችብኝ እኮ» አለች። ከዚያ ፊቷ ተፈታና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሐል እንባዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች። «ይቀመጡ አባባ፣ ብርድ ገብቶብዎታል። ራት ላቅርብ።»

ቅዳሜ አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሲቆም ቤዛ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ አፍንጫዋ ተልጦ ወረደች። እናቷን አቀፈች፤ ቀጥሎ እኔን ተቆጣችኝ።

«የት ሄዱ? ለጓደኞቼ ላስተዋውቅዎት ብዬ የእንግዳ ቤቱን በር አንኳኳሁ፤ ሄደዋል አሉኝ!»

ዕቅዴ ውስጥ ያልነበረ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ ጸደይ ጀምሮ የማኅበራችን ወላጆች «የጋሽ ተካልኝ ቤዛ ሄዳ የለም ወይ?» እያሉ ልጆቻቸውን መልቀቅ ጀመሩ። ዛሬ ቤዛ ሌላ ከተማ ትማራለች፤ የት እንዳደረች ለእናቷ የምትነግራት ካደረች በኋላ ነው፣ ሰናይትም «ደህና ነሽ?» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። የዘንድሮ ወላጆችም ፈቃዱን ቆመው ይፈርማሉ፤ ሄዶ ቤቱን የሚያይ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቀሎላቸዋል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ያ ሁሉ ጭንቀት ፍቅርም እንደነበረ አንዳንዴ አስባለሁ።

ስለዚህ ያደረግሁትን ልናገርና ይብቃኝ። አይቼው የማላውቀውን ተራራ ከመጽሐፍ አወቅሁት። ለስኪ ሽማግሌ ሆኜ ቤት አጣርቼ መጣሁ። የጨው ከተማዋን ባልቴት ስለ አሞሌ አስተማርኩ። በረዶ ላይ ሳልንሸራተት መውደቅን አሳየሁ። እናትና ልጅ አስታረቅሁ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለማንም ጠባቂ አደረች፤ እናቷም በዚያች ማታ ስልኩን አስቀምጣ ከእኛ ጋር ራቷን በላች።