የእማማ ጥሩዬ ዋርካና የበላው ቅቤ

ሥራ የጀመርኩት የግንቦት ልደታ ማግስት ነው። ክልል፣ ዞን የሚባሉት ስሞች ገና ለአፍ አዲስ ነበሩ፤ እኔም ለቡሬ አዲስ ነበርኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከደን ትምህርት ቤት በቅርብ የተመረቅሁ፣ በዚያ ላይ በጉንፋን አፍንጫዬ የተደፈነ ጀማሪ ባለሙያ። ጉንፋኑን አደራ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ለመከላከያ ያስፈልገኛል።

የቡድን መሪዬ አቶ ደሴ ወንበር ሳያሳዩኝ ዕቃ አስረከቡኝ። አንድ የእንጨት መዶሻ፣ አንድ ጫፉ የሾለ ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ሜትር፣ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለምና አንድ እሽግ ቅጽ።

“ዛፉን በደረትህ ቁመት ዙሪያውን ምታው” አሉኝ። “ጤነኛው ድምፁ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነው እንደ ከበሮ ይመልስልሃል። የተጠራጠርኸውን በዘንጉ ውጋው። ከዚያ ከሦስቱ አንዱን ጻፍ፤ ጤነኛ፣ ይመልመል፣ ይቆረጥ። ፍልስፍና አትጨምርበት።”

በትምህርት ቤት፣ በገበያና በመንገድ ዳር ያሉ ትልልቅ ዛፎች ሰው ላይ እንዳይወድቁ ከክረምት በፊት እንመረምራለን። ሕንፃ ሲታቀድም ዛፉ ይቆይ ወይስ ይነሳ የሚለው በእኛ ፊርማ ነው የሚወሰነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ፊርማዬ ይህን ያህል መክበዱን ሳውቅ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

የመጀመሪያው ዛፌ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ዋርካ ነበር። ክፍል ስለማይበቃ ሦስተኛ ክፍሎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚማሩት ከሥሩ ነው። መታሁት፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ግንዱ ላይ ቢጫ ነገር ያብረቀርቃል። ነካሁት፣ ያሙለጨልጫል። አሸተትኩት፣ ምንም። ልቤ ዘለለ። አዲስ በሽታ ያገኘሁ መሰለኝ!

የሳል ሽሮፕ ጠርሙሴን አጥቤ ናሙና ወሰድኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ግንዱ ምንነቱ ያልታወቀ ቅባታማ ፈሳሽ ያመነጫል። ወደ ሌሎች ዛፎች እንዳይዛመት ያሰጋል።”

አቶ ደሴ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ጠርሙሱን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ቅቤ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ለጋ ቅቤ። ትናንት ልደታ ነበር፤ ሰው አድባሩን ቀብቶ ነው።” ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ታይፒስቷን ተጣሩ፦ “ነይማ! ይህ ልጅ የዛፍ በሽታ አግኝቷል፤ በእንጀራ ይበላል!”

እስከ ሥራ መውጫ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አልሠራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ዶክተር ቅቤ ሆነ። ደምበጫ ድረስ ቀድሞኝ ሄደ።

ሥራውን ግን ወደድኩት። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ኃላፊ ወፍ መኪናቸው ላይ ኩሷን ስለምትጥል ባሕር ዛፉ ይቆረጥ ብለው ያዙኝ። “ቅጹ ላይ ስለ ወፍ የሚል ቦታ የለም” አልኳቸው። ሳምንት አኮረፉኝ፣ ከዚያ መኪናቸውን ሌላ ቦታ አቆሙ። ፈረስ ቤት ላይ ደግሞ አንድ ገበሬ የቤታቸውን ግድግዳ በመዶሻዬ እንድመታላቸው ለመኑኝ። መታሁ፣ ምሰሶው በስብሷል አልኩ፤ እውነትም በስብሶ ተገኘ። ምሳ ጋብዘው፣ መርቀው ሸኙኝ።

በሦስተኛው ዓመት ወደዚያው ዋርካ ተላክሁ። ከዛፉ በስተምሥራቅ ሁለት አዲስ ክፍል ሊሠራ ነው። መሐንዲሱ ጥላው ደስ ስላለው ችካሉን ከትልቁ ቅርንጫፍ ሥር ቸክሎ ጨርሷል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ሦስተኛ ክፍሎችም ድንጋያቸውን ደርድረው ከዚያው ቅርንጫፍ ሥር ይማራሉ።

ቀኑ ግንቦት ልደታ ነበር። ዙሪያውን አሥራ ሁለት ቦታ መታሁት። ሁሉም ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ሰጠኝ። “ጤነኛ” ብዬ ጻፍኩና ለፊርማ ብዕሬን አነሳሁ።

“አንተ! ያ ቅቤዬን በጠርሙስ የወሰድኸው ልጅ አይደለህም ወይ?”

ዞር ስል ረጅም ባልቴት ቅል ይዘው ቆመዋል። እማማ ጥሩዬ ናቸው፤ ዋርካውን በየዓመቱ የሚቀቡት እሳቸው ኖረዋል።

“ይቅርታ፣ እማማ” አልኩ። “ለምርመራ ነበር።”

“መርምረህስ ምን አገኘህ?”

“ቅቤ።”

መሐንዲሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚለይበትን ቦታ መቀባት ጀመሩ። እየቀቡ ያጉረመርማሉ።

“ይኸው ነው እንግዲህ፤ ዘንድሮ ሆዳም ሆኖብኛል። በዚያ በኩል ስቀባው እስከ ማግስቱ ያብረቀርቃል። በዚህ በኩል ግን እጄን ሳላነሣ ይጠጣብኛል። ምን በደልሁት?”

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ መሐል ላይ ቆመብኝ። ጤነኛ ቅርፊት ቅቤ አይጠጣም።

“እማማ፣ እስቲ ቦታውን ያሳዩኝ።”

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ከራሴ በላይ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ ቅቤው እንደ ክር ቀጭን መስመር ይዞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነው። ዘንጌን አስገባሁ። ገባ። ገፋሁት፣ አሁንም ገባ። መያዣው ከቅርፊቱ ጋር ተጋጨ። ቁልቁል ሳይ ሕፃናቱ ቀና ብለው ያዩኛል።

“ዋርካ ሁሉ ስንጥቅ አለው” አለ መሐንዲሱ። “ፈርምና እንሂድ። ችካሉን እንደገና አልቸክልም።”

አልፈረምኩም። ርእሰ መምህሩን ለምኜ ሦስተኛ ክፍሎች በዚያው ሰዓት ድንጋያቸውን ተሸክመው ወደ ምዕራብ እንዲዛወሩ አደረግሁ።

አቶ ደሴ ቅጹን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ። “መመሪያው በደረት ቁመት ይላል። በደረት ቁመት ደግሞ ጤነኛ ነው ብለሃል።”

“ቅርንጫፉ የሚወድቀው ግን ከደረት በላይ ነው፣ አቶ ደሴ።”

ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ ጣታቸው “ጥቅም ላይ የዋለ መሣሪያ” የሚለው ረድፍ ላይ ቆመ። መዶሻ፣ ዘንግ፣ ቅቤ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

“ይህን ፈርሜ ዞን ብልክ እኔንም ዶክተር ቅቤ ይሉኛል” አሉ።

“እኔ ለምጄዋለሁ፤ ብዙም አይከብድም።”

ፈረሙ። ሕንፃው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር፣ ቅርንጫፉ ይመልመል ተባለ። እማማ ጥሩዬ ግን አድባሬን አትነኩም ብለው ሁለት ቀን ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ። በመጨረሻ “እሱ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው እንዲቆይ” ብለው ፈቀዱ።

ለመመልመል የሄድንበት ጧት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሠራተኞቹ ገመድ ሲፈቱ ነፋሱ ተነሣ። ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ። ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ ወርዶ ምሥራቁን ግቢ ሞላው። ከመሐንዲሱ ችካል አንድም ቆሞ አልቀረም።

መምህሯ በምዕራብ በኩል ሕፃናቱን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። “ሁሉም አሉ!” ብላ ጮኸች። ሕፃናቱ ነገሩ ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡ። እማማ ጥሩዬ እልል አሉ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ሞኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስታ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

እማማ ጥሩዬ ቤታቸው ሄደው ቅላቸውን ይዘው ተመለሱ። ዋርካውን የሚቀቡ መስሎኝ ነበር። ቅቤውን በሙሉ አናቴ ላይ ጫኑት።

“እደግ!” አሉኝ። “ከእሱ እንኳ አንተ ትሻለኛለህ፣ አትጠጣብኝም።”

ቡሬ ስደርስ ቅቤው በአንገቴ ይወርድ ነበር። አቶ ደሴ በር ላይ አገኙኝ። ዙሪያዬን ዞሩ፣ አሸተቱኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

“ናሙና ይወሰድ!” አሉ።

እናንተ አዳዲሶቹ የዛፍ መርማሪዎች ከእኛ የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። ቢሆንም መሣሪያችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ዛፉን አዘውትሮ የሚነካውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። የነገራችሁንም ቅጹ ላይ ጻፉት፤ ቅቤም ቢሆን።