ከለቀማ በኋላ

ሀቢቡላህ የደወለልኝ ሰኮሩ ውስጥ፣ የወንድሜ ልጅ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ነው። ፀሐይ ነበር። ሀቢቡላህ ጅሬን ላይ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ሳይቀልድብኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን፣

"ጋሼ ኤርሲዶ፣" አለኝ። "እዚህ ትንሽ ነፋስ ነበር። ተስፋነሽን አሟታል። መኪና ያዝና ና።"

"ዛፉ ነው?" አልኩት።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር ሁለታችንም እናውቃለን። "ና በቃ" ብሎ ዘጋው።

ተስፋነሽ ባለቤቴ ነበረች። በአሥራ አራት ዓመቷ ከዱራሜ አካባቢ ከአክስቷ ጋር ሰርቦ መጣች። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ብልሽት ቡና እየለቀመች፣ ማታ ማታ ተምራ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። ጡረታ እስክትወጣ የተማሪዎችን ውጤት ስታስቀምጥ ኖረች። አንድ ወረቀት ጠፋባት ሲባል አልሰማሁም። እኔ የቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ከእጄ ይወድቃል።

ቤታችንን በባንክ ብድር ስለሠራነው ኢንሹራንስ መግባት ግድ ነበር። ሌላው ሰው ውሉን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። እሷ በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከፍራሹ ሥር ታወጣዋለች። መነጽሯን ታደርግና ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ጮክ ብላ ታነባለች። ከዚያ ቤቱን ትዞራለች፤ አሸንዳውን ታያለች፣ የላላ የቆርቆሮ ምስማር ትፈልጋለች፣ የውኃ መውረጃውን ታስጠርጋለች።

ካቻምና ስታነብ ቆም አለች።

"የሲና አባት፣ ተኝተሃል?"

"እየሰማሁ ነው።"

"እሳት አለ። መብረቅ አለ። ሌባም አለ። ነፋስ የለም።"

"ነፋስ ምን ይወስድብናል?"

"ቆርቆሮውን። አንተን እንኳ አያነሳህም።"

በማግስቱ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄዳ ጠየቀች። አንድ ባለሙያ መጥቶ ግቢውን አየ። ከኩሽናው ጎን አንድ ትልቅ የሰሳ ዛፍ አለን፤ አንዱ ቅርንጫፉ የኩሽናው ጣሪያ ላይ ተጋድሟል። ሰውየው ቀና ብሎ አየውና "ይሄ ተቆርጦ ፎቶውን ስታመጡ የነፋሱን ሽፋን እንጨምራለን" አለ። ተስፋነሽ ከበሩ የተረፈ ቀይ ቀለም አምጥታ፣ መሰላል ላይ ወጥታ፣ መቆረጥ ያለበትን ቦታ ዙሪያውን ቀባችው።

ከሰሳው ሥር ቡና አለኝ። አርባ እግር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ቡና ስለቅምና ስፈለፍል ኖሬ የራሴ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ጥላው ሲነሳበት ቡና ይጠወልጋል፣ የያዘውን ፍሬ ያራግፋል። እኛ ዘንድ ፍሬ በያዘ ቡና ላይ ጥላ የሚቆርጥ ሰው የለም።

"ከለቀማ በኋላ" አልኳት።

ለቀማው ኅዳር ላይ አለቀ። እሷ አስታወሰችኝ። ሊያብብ ነው፣ አበባውን ፀሐይ ይመታዋል አልኩ። አበባው ረገፈና ፍሬ ያዘ። እንዲህ እያልን ዓመቱ ዞረ፣ ሌላም ለቀማ አለፈ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ውሉን አንብባ ስትጨርስ እኔን ምንም አላለችኝም። ጠዋት ሀቢቡላህ የሞተር መጋዙን ተሸክሞ ገባ።

"ያ ኤርሲዶ፣ ተነስ፣ መሰላሉን ያዝልኝ።"

"ማን ጠራህ?"

"የቤቱ አዛዥ።" በአገጩ ወደ ኩሽናው አመለከተ።

"ፍሬ መያዙን አታይም?"

"ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለት ሚስት አለው። አንዷ ቡናው ናት።"

ተስፋነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። "ቡናህ ፍሬ የማይዘው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ይቺን ለቀማ ብቻ" አልኳት። "ኅዳር ላይ ራሴ እቆርጠዋለሁ።"

ሀቢቡላህ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እሷ ቅርንጫፉን ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መጋዙ ሞተሩ ሳይነሳ ወደመጣበት ሄደ።

ነፋሱ የመጣው ሚያዝያ ሃያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሀቢቡላህ ሚስት ነጅላ በአጥሩ በኩል አይታለች። ዝናብ ሳይቀድመው በድንገት መጣ አለችኝ። ተስፋነሽ ቤት ውስጥ ነበረች። ኩሽና ውስጥ እሳት ስለነበር ቤቱን እንዳያያይዝ ልታጠፋው ሮጠች። ቅርንጫፉ የተገነጠለው ከቀዩ ቀለም ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ነጅላ ተጣርታ ነበር፤ ድምፅዋ አልደረሰም።

እሷን ለማውጣት ቅርንጫፉን የቆረጠው ሀቢቡላህ ነው፣ በዚያው መጋዝ። እስካሁን ስለ መጋቢቱ ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን የተከሉት ከዛፉ ርቀው፣ መንገዱ ዳር ነው። እዚያ ትከሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ሌሊት አብረውኝ አደሩ። ሁሉም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉኝ። እኔ የማን ፈቃድ እንደነበር አውቃለሁ።

ልጃችን ሲና ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት የእናቷን ወረቀቶች አየች። ውሉ መሐል የነፋስ ሽፋን መጠየቂያ ቅጽ አገኘች። ተስፋነሽ በዚያ ንጹሕ ጽሕፈቷ ሞልታ፣ ፈርማ አስቀምጣዋለች። ክፍት የተወችው ሁለት ቦታ ነው፤ ዛፉ የተቆረጠበት ቀንና የእኔ ፊርማ። ሲና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ። "አባ፣ ብቻህን እንዴት ልተውህ?" አለች። ሄደች።

ከአርባው ቡና አንዱም አልተነካም። ፍሬው ዘንድሮ ብዙ ነው።

አሁን ሰኔ ነው፣ በየቀኑ ይዘንባል። ኩሽናው ክዳን የለውም። ሰሳው ወደ መኝታ ቤቱ ያዘነበለ ሌላ ቅርንጫፍ አለው፤ አልተቆረጠም። ቅጹም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልፈረምኩትም።