የተከራያችን አሉማ

ባለፈው ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት መዝና ካበቃች በኋላ አንድ እስር ቅጠል ዘንቢሌ ውስጥ ጣል አደረገችልኝ። «ምርቃት ነው፣ እትዬ» አለችኝ። እኔ እንዲህ በነጻ የሚሰጥ ነገር አልወድም። አወጣሁት፣ ገለባበጥኩት፣ አሸተትኩት። አሉማ ነው፤ ያ ግንዱ ቀላ ያለው፣ ዝናብ ሲጥል ማንም ሳይዘራው በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው። «ምን አስበሽ ነው?» አልኳት። ሳቀች። ሰው ሲስቅብኝ ደግሞ ይብስብኛል። ይህን ጠባይ የወረስኩት ከእናቴ ነው። ቅጠሉን ይዤ ወደ ቤት ሳዘግም ግን ሐሳቤ ከሴትዮዋ ላይ ተነሥቶ አስቴር ላይ አረፈ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ የኋላውን ክፍል ታከራይ ነበርና አስቴር የምትባል ከጎፋ በኩል የመጣች ልጅ ገባችበት። የቤት ግንባታ ላይ ድንጋይ ትሸከማለች፣ እሑድ ጸሎት ቤቷ ትሄዳለች፣ በተረፈ ድምጿም አይሰማም። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ያን ጊዜ ወረዳ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። እሷ ከገባች ሁለት ወር ሳይሞላ የእናቴን ወጥ ነካ ነካ አድርጎ መተው ጀመረ። ከኋላ ክፍል የተቀቀለ ቅጠል ሲሸት ግን አንገቱ ወደዚያ ይዞራል። አንድ ቀን የአስቴር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ከሳህኗ ሲበላ እናቴ አየችው።

«አስነክታዋለች» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደህና ልጅ በጤናው ሣር አይበላም።»

መቼም በእኛ ቤት የመንገድ ዳር ቅጠል የከብት ነው። ያያቶቻችን ወገን ከሰሜን ሲመጣ ጤፉንና ሽሮውን ይዞ ነው የመጣው፤ ከጓሮ ያልተቀነጠሰ ጎመን እንኳ አይታመንም። ደግሞ ማስረጃ ነበረን። አስቴር ማለዳ ባዶ ከረጢት ይዛ ስትወጣ እናቴ «እንደምን አደርሽ?» ብትላት አትመልስም፤ ስትመለስ ግን ራሷ ቀድማ ሰላም ትላለች። ሥር የሚበጥስ ሰው የሚፈልገውን እስኪያገኝ ድረስ ከማንም ጋር ቃል እንደማይለዋወጥ፣ ከተናገረ መድኃኒቱ እንደሚረክስበት በሰፈራችን ሕፃኑም ያውቃል። ጎረቤታችን በበኩሏ ቢላ ይዛ ስትወጣ አይቻት አላውቅም አለች። መድኃኒቱን ብረት እንዳይነካው ነዋ! በዚህ ላይ ምን ይጨመራል? እናቴ ተከትያት ሄጄ የምትለቅመውን እንድመለከት አዘዘችኝ።

የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ነበርን፣ የበልጉም ዝናብ ጀምሯል። አስቴር ወደ ነሪ ወንዝ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ከፊት፣ እኔ ራቅ ብዬ ከኋላ። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ወንዙ ዳር ስትደርስ ሳትዞር «በሱ በኩል ጭቃ ነው፣ በዚህ ነይ» አለችኝ። ለካ ከደጃፋችን ጀምሮ አውቃብኛለች።

መደበቅ ካልቀረ ብዬ በግልጽ ጠየቅኋት። «ጠዋት ጠዋት ለምንድን ነው ሰላም የማትይን?»

«ጸሎት ነው። እስከ ወንዙ እጸልያለሁ፣ ስጨርስ አወራለሁ።»

«ቢላስ ለምን አትይዢም?»

«ያለኝ ቢላ አንድ። እዚህ ከጠፋ ቤት በምን እከትፋለሁ? ደግሞ ጫፉን በጥፍር ከወሰድሽ ቅጠሉ መልሶ ይበቅላል።»

አላመንኳትም። መልሱን አዘጋጅታ የጠበቀችኝ መሰለኝ። ቢሆንም ከጎኗ ሄድኩ። አሉማውን እንዴት ለጋ ለጋውን ብቻ እንደምትቀነጥብ አሳየችኝ። ሳማውን ከሥር ወደ ላይ ጠበቅ አድርጋ ስትይዘው ጭራሽ አይለበልባትም፤ እኔ ሞክሬ እጄ ነደደ። ነጭ ረዥም አበባ ያለው ተክል ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ። «አስተናግር ነው። ይሄ ያሳብዳል፣ አትንኪ» አለችኝ። የሚያሳብደውንም ታውቃለች ማለት ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተወልጄ ባደግሁበት መንገድ ሁሉን ነገር ሣር ብዬ ሳልፈው ኖሬ፣ ያን ቀን ይህ ይበላል፣ ይህ ሁለቴ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል፣ ይህ ለጥጃ ነው እየተባልኩ ስሄድ አገሬን ገና ማየቴ ነበር።

ከዚያ አንድ የዶቅማ ዛፍ ሥር ደረስን። ፍሬው ጠቁሮ በስሏል። አስቴር ቅጠሏን ትለቅማለች፣ እኔ ቅርንጫፉን ጎትቼ በሁለት እጄ እበላለሁ። «ይበቃሻል፣ ሆድ ይይዛል» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «እናንተ ጾም ላይ አይደላችሁ?» አለች። አፌ እንደሞላ ትዝ አለኝ። ገና ማለዳ ነው፤ በእኛ ቤት ከቀትር በፊት ውኃ እንኳ አይቀመስም። ከገደፍኩ አይቀር ብዬ ጨመርኩበት።

ከቀትር በኋላ ሆዴን ቆርጦ ያዘኝ። እናቴ ምላስሽን አውጪ አለችኝ፤ እንደ ቀለም ጠቁሯል። «ማን ምን አበላሽ?» አለች። ዶቅማ መሆኑን አውቃለሁ፤ በገዛ እጄ ለቅሜ መብላቴንም አውቃለሁ። ጾም ገደፍኩ ብል ግን የሚመጣብኝን አሰብኩና «አስቴር ናት የሰጠችኝ፣ ምን እንደሆነ እንጃ» አልኩ።

እናቴ ቀን አልጨመረችላትም። በዚያው ቀን የአስቴር ፍራሽ ደጅ ወጣ። አስቴር አንዴ አየችኝና ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። ጌታሁን ከቢሮ ሲመለስ አልጮኸም፤ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ «በእጇ ሰጠችሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። በሳምንቱ ሁለቱም ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ ሄዱ፤ እዚያው ተጋብተው ልጆች ወለዱ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ከቤታቸው ውኃ አልቀመሰችም።

እኔ ግን በዓመት አንድ ሁለቴ እሄዳለሁ። አስቴር ደህና አድርጋ ነው የምትቀበለኝ። ገበታው ሲቀርብ ከእኔ በኩል አንድ ጉርሻ ታነሣለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች አላምጣ ትውጣለች፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ታስጠጋለች። መጀመሪያ የአገሯ ወግ መስሎኝ ነበር። ሌላ እንግዳ የመጣ ዕለት አጥብቄ አየሁ፤ ለሱ አልቀመሰችለትም። ለእኔ የምታደርገው በአክብሮት ይሁን በቂም እስከ ዛሬ ልለየው አልቻልኩም።

ጾም መግደፌን ለነፍስ አባቴ ነግሬ ሰግጄበታለሁ። ውሸቴን ግን ለአስቴርም ለጌታሁንም አልተናገርኩም። ባለፈው ወር ሄጄ እጇን ወደ ሳህኑ ስትሰድ «ተይው አስቴር፣ አትቅመሺልኝ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ካልኩ ሌላውም መከተሉ ነው። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትውጥ ጠበቅኋት። ከዚያ በላሁ።