ሦስት ምስክር፣ አንድ ወንበር

ሰፈሩ “ሬዲዮ” ይለዋል። ሙያው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ወሬውን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ማስታወቂያ በነጻ ያሰራጫል። ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ቀለሟ የተላላጠ አግዳሚ አለው። እዚያ የገባ ሰው ጢሙን ጥሎ፣ በምትኩ የሦስት ቤተሰብ ምስጢር ተሸክሞ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ሰው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የጥንት ሮም ታሪክ ተማሪ የሆነው በእልህ ነው። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የሆነ ደንበኛውን እየላጨ ስለ ክፉ ገዢዎች ሲያወራ፣ ኔሮ ከተማው ሲቃጠል ቁጭ ብሎ ቫዮሊን ይጫወት እንደነበር ነገረው። መምህሩ ሳቁ ሲያመልጠው የሳሙናው አረፋ መስታወቱ ላይ ተረጨ። ቫዮሊን የሚባል ነገር የመጣው ኔሮ ከሞተ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ካለ በኋላ፣ “ለመሆኑ ማን ነገረህ?” ብሎ ጠየቀው። ሬዲዮ ማን እንደነገረው አያውቅም። ምላጭ ይዞ የቆመ ሰው፣ ጉሮሮውን ባስረከበው ሰው ኩም ሲል ደስ አይልም። በሳምንቱ ሄዶ መምህሩ ለሚሰጠው የቅዳሜ ትምህርት ተመዘገበ።

ትምህርቱ እንደጠበቀው የጦርነትና የቅሌት ወሬ አልሆነለትም። መምህሩ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነገሥታቱ ይልቅ የጸሐፊዎቹን ጉድ ነው የሚያወራው። ስለዚያ ቃጠሎ በዋናነት የሚጠቀሱት ሦስት ጸሐፊዎች ናቸው። አንዱ ያኔ ልጅ ነበር፤ ሁለተኛው ገና አልተወለደም፤ ሦስተኛው የተወለደው መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ልጅ የነበረው፣ እሳቱ ሲነሳ ኔሮ ከተማው ውስጥ እንዳልነበረና ዘፈነ የሚባለውም ወሬ እንደሆነ ጽፏል። ሌሎቹ ሁለቱ በእርግጠኝነት ዘፍኗል ይላሉ፤ የት ቆሞ እንደዘፈነ ግን አይስማሙም፤ አንዱ ግንብ ላይ፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ያወጡታል። ሬዲዮ እጁን አውጥቶ፣ በዚህ ዓይነት እኔም ብመሰክር ምን ይለኛል ሲል ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ከአንድ ሰው የሰሙ ሦስት ምስክሮች እንደ አንድ ምስክር እንደሚቆጠሩ ሰሌዳው ላይ ጻፈና አንድ ሥራ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ አንድ ወሬ መርጦ፣ ምንጩ ድረስ ተከትሎ ይምጣ።

ሬዲዮ ለመምረጥ አልተቸገረም። እንደ ድንጋይ የጸና፣ ሦስት ምስክር ያለው ወሬ አለው።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ እሷን ተከትሎ እሱም “ወንድም ጋሼ” የሚለው፣ መቀስ አያያዝ ያስተማረው ሰው ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ ሁለተኛው ወንበር የእሱ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን ወንድም ጋሼ “ሬዲዮ እጁ ይንቀጠቀጣል” ብሎ እንዳስወራበት ሰማ። በምላጭ ለሚተዳደር ሰው ይህ የቁም ሞት ነው። ተለያዩ። ወንድም ጋሼ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ቤት ከፈተ፤ ሰላምታ ቆመ፤ ሁለተኛው ወንበር የደንበኞች ኮት መስቀያ ሆነ። አሁን ደግሞ በወሩ መጨረሻ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። ሚስቱ እራት ላይ ሰሃኑን እያነሳች፣ “ወንድሜ ሳትሰናበተው ከሄደ፣ እኔን ለሁለታችሁ ኩርፊያ አስታማሚ አድርጋችሁ እንደቀራችሁ እወቀው” ብላዋለች።

ስለዚህ ሬዲዮ ጥናቱን የጀመረው ራሱን ነጻ አውጥቶ፣ ለሚስቱም በጽሑፍ ሊያሳያት ነው። ምስክሮቹን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ሦስቱም ደንበኞቹ ናቸው። መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ያዘው። ወንድም ጋሼ ሲናገር በጆሮው ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀው። አልሰማም፤ ባለታክሲው ነው የነገረው። ባለታክሲው ግማሽ ጭንቅላቱ ተስተካክሎ ግማሹ እንደቀረ ሲጠየቅ፣ እሱ የሰማው ከጡረተኛው ዳኛ እንደሆነ ማለ። ሬዲዮ ልቡ ሞላ። ዳኛ ነዋ!

ዳኛው ሐሙስ ረፋድ ላይ መጡ። ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰረና፣ “ጋሼ፣ ያንን የእጄን ነገር ከወንድም ጋሼ አፍ ነው የሰሙት?” አላቸው።

“ከሱ ጋር ከኳስ ሌላ አውርተን አናውቅም።”

“ታዲያ ማን ነገረዎት?”

“አንተ ነሃ።”

ዳኛው ግራ ጆሮአቸውን ዳበስ አደረጉ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ጋ ቆርጠኸኝ ደሜ ሲፈስ፣ ‘ወንድም ጋሼ እጁ ይንቀጠቀጣል እያለ ሲያስወራብኝ ነው የረበሸኝ’ ብለኸኛል አሉት። እንዲህ ያለውን የስሚ ስሚ ችሎት ላይ የሚያቀርብ ምስክር ቢመጣባቸው በአፍንጫው ይዘው ያስወጡት ነበር፤ ግን ወሬው ጣፋጭ ስለሆነባቸው ለባለታክሲው አቀበሉት።

ሬዲዮ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን አጠፋ። ያን ዕለት ጠዋት ያየው ትዝ አለው። ወንድም ጋሼ ወደ አንድ ደንበኛ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ወደ ሬዲዮ እጅ አዩና ፈገግ አሉ። በቃ። እሱንም ያየው በመስታወት ነው፤ ድምፅ የለው፣ ግራና ቀኙ የተገለበጠ። የቀረውን ራሱ ሞላበት፤ ከራሱ አፍ የወጣው ወሬ በሳምንቱ በፋርማሲስቱ በኩል ዞሮ ሲመለስለት ማስረጃ መሰለው። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፦ “ዋና ምንጭ፦ እኔ። ታማኝነቱ፦ ዝቅተኛ።” ይህን እንኳን ለሚስቱ ለማንም የሚያሳይ አልነበረም። ግን ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል።

በማግስቱ መንገዱን ተሻገረ። የወንድም ጋሼ ቤት ግማሹ በካርቶን ታሽጓል። ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ወደ ላይ አደረገ። ወንድም ጋሼም ሳሙናውን ቀባው። ምላጩ አገጩ ሥር ሲደርስ ሬዲዮ ሁሉንም ዘረገፈው፤ መስታወቱን፣ የዳኛውን ጆሮ፣ ደብተሩን ሳይቀር። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ምላጩ ባለበት ቆመ።

“ግን ለዚያ ሰውዬ ያን ቀን ምን አልከው?”

“የቱ ሰውዬ?” ወንድም ጋሼ ጥቂት አሰበ። “እኔ እንጃ። ልልም እችላለሁ። አንዳንዴ ትንቀጠቀጥ ነበራ።”

ሬዲዮ ሳቅ አፈነው።

“አትሳቅ፣ እቆርጥሃለሁ” አለ ወንድም ጋሼ፤ ምላጩን ግን ከአገጩ ራቅ አደረገ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ወንድም ጋሼ ለመንገዱ ሊላጭ መጣ። ሬዲዮ ኮቶቹን ከሁለተኛው ወንበር አነሳና ወንድም ጋሼን እዚያ አስቀመጠው። ሚስቱ አግዳሚዋ ላይ ሆና ታያቸዋለች። ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሲያሳርፍ የሬዲዮ እጅ በግልጽ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱ ወንዶች በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

“እኔ ምንም አላየሁም” አለ ወንድም ጋሼ።

“እኔ አይቻለሁ” አለች ሚስቱ ከአግዳሚዋ፤ “በመስታወትም አይደለም።”