ያልተበጠረው የባሕር ዛፍ ዘር

ልጅ ሳለሁ፣ መተማ ቆላ ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የአባቴ አጎት አያ ታረቀኝ ነበሩ። ፍሙ ላይ ኩበት ይጨምራሉ፤ ጢሱ ትንኙን እያባረረ የእኛንም ዓይን ያቃጥላል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀጥላሉ። ከተረታቸው ሁሉ አንዱን ግን ከነፍርሃቱ አስታውሰዋለሁ።

ያን ዓመት ታናሽ ወንድሜን ወባ ወስዶብን ነበር። የቤታችንንም ምሰሶ ምስጥ ጨርሶታል። አባቴ «ይህ አገር ሰውም እንጨትም አያቆምም፤ ወደ ደጋ እንመለሳለን» አለ። እናቴ «የልጄን መቃብር ጥዬ አልሄድም» አለች። ሲጨቃጨቁ ከርመው በአንድ ነገር ተስማሙ፤ አያ ታረቀኝ ከሽንፋ ወንዝ ዳር ያመጡት፣ ምስጥ ቶሎ የማይበላው የቀይ ባሕር ዛፍ ዘር ከበቀለ እንቆያለን፣ ካልበቀለ እንሄዳለን።

የዛፉ ፍሬዎች ጥላ ውስጥ ነጠላ ላይ ደርቀው ሲከፈቱ የወጣው ነገር ዘር አይመስልም ነበር። አያ ታረቀኝ በፋኖሱ ብርሃን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ቢጫማው ነው ዘሩ፤ ቀላ ያለው ገለባ ነው» ብለው አሳዩኝ። ሁለቱም እንደ ብናኝ የቀለሉ ነበሩ።

እናቴ ደግሞ በሰሊጥ ማበጠር የታወቀች ናት፤ ገለባ ያለበት ዘር መዝራት ለእሷ ነውር ነው። እራት እንደተበላ ሁሉንም ሰፌዷ ላይ ገለበጠችው። አያ ታረቀኝ ደነገጡ። ሐዘን ላይ ያለችን ሴት «ተሳስተሻል» ማለት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ወደ ተረታቸው ገቡ።

«አንድ ገበሬ ነበር» አሉ ፈጠን ብለው። «ጎተራዬ ገለባ አይግባ ብሎ ነፋስን ለመነው። ቀላሉን ሁሉ ውሰድልኝ አለው። ነፋስም ነፈሰ። ገበሬው ቢመለስ አውድማው ባዶ። ምነው ምን በደልኩህ ቢለው፣ ነፋስ ሆዬ፣ ዘርህ ቀላል መሆኑን መቼ ነገርከኝ አለው።»

«ተረቱን ለልጆቹ ይንገሩ፣ አያ» አለች እናቴ፤ ሰፌዱንም አንዴ ሽቅብ ነቅነቅ አደረገችው። ብናኙ ፍሙ ላይ አርፎ ተንጣጣ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ለጉዞው ጆንያ ይሰፋ ነበር። እናቴ ሰፌዱን እንደገና ከፍ አደረገችው። ያኔ «ተይ እማ» ልላት ፈለግሁ። ሰፌዱ እጇ ላይ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችውና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ከነገለባው፣ ከአሸዋ ጋር ደባልቀን ዘራነው። ዘሩ እንዳይታጠብ ሣር አልብሰን ውሃውን በቅጠል ረጨንለት። እናቴ በየጠዋቱ ሣሩን ገልጣ ታያለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። አንድ ጠዋት ግን ገልጣ ጠራችን፤ አሸዋው ላይ ከመርፌ የማይወፍር አረንጓዴ ነገር ቆሟል። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ፤ የደጋን ነገር ዳግመኛ አላነሳውም።

ለዓመታት በተረት የዳንን ይመስለኝ ነበር፤ ለልጆቼም እንደዚያው ስነግራቸው በቅርቡ እናቴ ሰምታ ሳቀችብኝ።

«ተረቱን የት ሰማሁት፤ ቀልቤ መች ነበረና» አለች። «ሰፌዱን ሳነሳ አባትሽን አየሁት። መርፌውን እንደያዘ ቀርቷል፤ ዓይኑ ዘሩ ላይ ነው። ፈርቷል። ልጁን ጥሎ መሄድ እሱም እንደማይሆንለት የገባኝ ያኔ ነው።»

ተረቱን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ስነግረው ግን የማስበው ጥግ ላይ ስለነበረው ዝምተኛ ሰው ነው። አባቴ ይህን አንድም ቀን ከአፉ ሳያወጣው አረፈ። የተቀበረው እዚሁ ነው፣ ከልጁ አጠገብ።