ለጃፓኑ የመረቅሁት ስንዝር

የጃፓን ጠባይ መማር እኔን ያስከፈለኝ የሃያ ባና ዋጋ፣ አንድ የሆቴል ምሳና ዳባት ደርሶ መልስ የሚኒባስ ሒሳብ ነው። ኮሌጅ ገብቼ ብማረው ይብስ ነበር።

ሰውየው የሰሜን ተራሮችን አይቶ ሲመለስ ደባርቅ ሱቄ ጎራ አለ፤ አስጎብኚው ያስተረጉምለታል። ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ባናችንን ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ ገልብጦ አየ። ከዚያ ሜትር አውጥቶ የሚፈልገውን በወረቀት ጻፈልኝ፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ተኩል፣ ጥቁር ያልገባበት ነጭ፣ ለናሙና ሃያ። ከወደዱት በየዓመቱ ያዛሉ። ዋጋ አልተከራከረም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዳባት የሚሠሩልኝ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አሉ። ወረቀቱን ወሰድሁላቸውና፣ "በየአንዳንዱ አንድ ስንዝር ይጨምሩበት፤ ምራቂ ነው" አልኋቸው።

"ልኩን ጽፎ የለም እንዴ ልጄ?"

"እርስዎ መወርወሪያዎን ይያዙ፤ ገበያውን ለእኔ ይተዉት። ምራቂ ጠልቶ የሄደ ደንበኛ አይተው ያውቃሉ?"

አላዩም። እኔም አላየሁም።

ጃፓኑ ባለው ቀን፣ ባለው ሰዓት መጣ። ሃያውንም አንድ በአንድ ለካ። "ስንዝሯ ስጦታ ናት በለው" አልሁት አስጎብኚውን። ሰውየው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ በደንብ አላስረዳኝም። ይቅርታ በሚጠይቀኝ ሰው ላይ ዋጋ መጨመር ልማዴ ነበር፤ ያን ቀን ግን ግራ ገብቶኝ ቀነስሁ። ዝም አለ። ሒሳብ የሚሠራ መስሎኝ ደግሜ ቀነስሁ። ጭራሽ አንገቱን ደፋ። ምሳ ጋበዝሁት። በልቶ፣ አመስግኖ፣ "በጥንቃቄ እናስብበታለን" ብሎ ሃያውን ሳይወስድ ሄደ።

እኛ ዘንድ ይህ ግማሽ እሺ ነው። ለሸማኔው ደውዬ፣ "አርባ ይጀምሩ፤ አሁን በልኩ" አልኋቸው።

"የጠጉር መግዣ ከየት አባቴ ላምጣ?"

"ላሟስ?"

ያለቻቸው እሷው ነበረች። ሸጧት።

ከሁለት ወር በኋላ አስጎብኚው ሌላ እንግዳ ይዞ ሲመጣ፣ ጃፓኑ መቼ እንደሚመለስ ብጠይቀው ሳቀብኝ። "እነሱ ፊት ለፊት እምቢ አይሉም። ያን ቀን እኮ እምቢ ብሎህ ነው የሄደው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?"

"የተከፈለኝ ለትርጉም ነው። ያለውን ተረጎምሁልህ።"

በሳምንቱ ሽማግሌው አርባውን ባና በአይሱዙ ጭነው ደጄ ቆሙ። ሜትር ተውሰው ለክተዋቸዋል፤ ዝንፍ ያለ የለም። "እህ፣ ሰውየው መቼ ይመጣል?"

እውነቱን ብነግራቸው ይጮኻሉ፤ ሽማግሌ ይሰበስቡብኛል፤ የላሟን ክፈል እባላለሁ። ተነሥቼ ከወገቤ ጎንበስ አልሁ። "ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ፤ በደንብ አላስረዳሁዎትም። በጥንቃቄ እናስብበታለን።"

ፊታቸው በራ። "እንዲህ አክብሮኝ የሚያውቅ ነጋዴ የለም" አሉና ሸክማቸውን ይዘው ተመለሱ።

በየቅዳሜው ይደውሉ ነበር። በየቅዳሜው ያንኑ አልኋቸው፤ አንድም ቀን ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ክረምት ሲገባ መደወሉን ተዉት።

ነጭ ባና ጭቃ ያሳያል፤ በዚህ አገር የሚገዛው የለም። የእኔ ሃያው ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። የእሳቸውን አርባ ብል በላው። ሽመናውን ትተዋል፤ ላም የላቸውም።