ሰማያዊዋ አበባ

ያቺን ሰማያዊ የወረቀት አበባ ግድግዳችን ላይ ማን ለጠፋት? ዛሬም አላውቅም። ትናንት አንድ ሱቅ ውስጥ ለዘመን መለወጫ የተደረደረ ባለቀለም ወረቀት ሳይ፣ የዱቄት ሙጫው ሽታ ሳይቀር መጣብኝ።

ቆቦ ሳለን፣ ጳጉሜን ሲገባ እናቴ ከአረብ ሱቅ ቀይና ቢጫ ወረቀት ትገዛለች፤ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ አምስት አበባ እሠራለሁ። ያን ዓመት አባቴ አሞሌ ጨው ሊያመጣ አፋር ወርዶ ቀርቶብን ነበር።

«በይ አንቺ ልጅ፣ እንዳታጎድዪ» አለችኝ እናቴ። «አበባው የጎደለበት ሰው ዓመቱን አይጨርስም።»

ይህን እያለችኝ መቀሱ አዳለጠኝና የአባቴን አበባ ለሁለት ቀደድኩት። ሌላ ወረቀት አልነበረም። ቅዳጁን ጉያዬ ውስጥ ደብቄ አራቱን ለጠፍኩ።

ከዚያ ሁላችንም ለሩፋኤል ልንጠመቅ ወንዝ ወረድን። ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ነበር። ስንመለስ አበቦቹ አምስት ሆነዋል። አምስተኛዋ ሰማያዊ ነበረች፤ ሙጫዋም አልደረቀም። እናቴ ቆጠረችና «እሰይ፣ ሙሉ ነው» አለች።

አባቴ ለመስቀል በደህና ገባ። ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና «ሰማያዊዋ የኔ ናት አይደል?» አለ። ማንም አልነገረውም።

ለእናቴ የነገርኳት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ላሳያት የሄድኩ ዕለት ነው። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አንቺ የሠራሻት መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ ተነሥታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ዘጋችው።